የሚዘምር ሳጥን እና ዝም የሚል ሳጥን

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ። የአንዱን ላስቀምጠው፦ «ቲቸር፣ ሰብዉፈር አሠርቻለሁ። ስፒከሩ 12 ኢንች ነው፣ አምፑም ጉልበት አለው። ግን ባሱ አይመታም፤ ዝም ብሎ ያጉረመርማል። ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ የቤዝ ጊታሩ ኖታ ግን አይለይም። ትልቅ አምፕ ልግዛ?»

አትግዛ። መጀመሪያ ሙዚቃውን ክፈትና መዳፍህን ሳጥኑ ጎን ላይ አሳርፍ። ጣውላው እጅህ ሥር እንደ ከበሮ ቆዳ የሚርገበገብ ከሆነ የጎደለህ ጉልበት ሳይሆን ጠንካራ ሳጥን ነው። ጉልበት ብትጨምርበት የምትጨምረው መርገብገቡን ነው።

መልሱ ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ለምን እንደዚህ ይሆናል የሚለው ጥያቄ የመቶ ዓመት ታሪክ አለው። ታሪኩ ደግሞ በእኛው ሰፈር፣ በአቃቂ በኩል ያልፋል።

*

አቃቂ ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፋብሪካ፣ መናኸሪያና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የተወለደው እዚህ መሆኑን የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው ብዙም አያውቁትም። የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) ተመረቀ። የታሪክ ነገር ሆኖ፣ ወዲያው የፋሺስት ወረራ ሲያንዣብብ ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም ያሰማችው ጣሊያኖች ራሳቸው በሠሩት በዚሁ ጣቢያ ነበር።

የዚያን ዘመን ሬዲዮ መቀበያ አያቶቻችሁ ቤት ወይም ሙዚየም ውስጥ አይታችሁት ይሆናል። ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ጀርባው ክፍት ወይም በተበሳሳ ካርቶን የተዘጋ። ድምፁ ደግሞ ወፈር፣ ሞቅ ያለ ነው። ዛሬም ሽማግሌዎች «የድሮ ሬዲዮ ድምፅ» እያሉ ይናፍቁታል።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያ ሙቀት ከስቱዲዮው የመጣ አልነበረም፤ የሳጥኑ ነው። ቀጭኑ እንጨትና በውስጡ ያለው አየር አንድ የሚወዱት ድምፅ አላቸው፤ ዜናም ይነበብ ሙዚቃም ይምጣ፣ ያቺ ድምፅ በደረሰች ቁጥር ሳጥኑ አብሮ ይዘምራል። ወንድ አንባቢ ሲናገር ደረቱ የሰፋ ይመስላል። ለንግግር ደስ ይላል። ለቤዝ ጊታር ግን ጥፋት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

*

እስቲ ከሬዲዮ በፊት ወደነበረው ሳጥን እንሂድ። በገናን አስቡ።

ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ ቀንበር፣ ከታች በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሳጥን፣ አሥር የጅማት አውታር። ቀጭን አውታር ብቻውን አየር መግፋት አይችልም፤ በባዶ ሜዳ ላይ ወጥራችሁ ብትመቱት አጠገባችሁ ያለ ሰው እንኳ በቅጡ አይሰማውም። አውታሩ በርኩማውን ያንቀጠቅጣል፣ በርኩማው ቆዳውን፣ ቆዳው ሳጥኑን፤ አየሩን የሚገፋው እንግዲህ ይሄ ሁሉ ነው። በበገና ውስጥ የሳጥኑ ንዝረት ስህተት አይደለም። ድምፁ ራሱ እሱ ነው።

አባቶች ግን እዚያ ላይ አልቆሙም። እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች፤ አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ትገባለች። አውታሩ በተመላለሰ ቁጥር ቆዳዋን ነካ እያደረገ ይመለሳል፤ ያ ነው ዝዝዝ የሚለውን የበገና ድምፅ የሚሰጠው። በዘመኑ ቋንቋ ብንናገር፣ ዝዝታው በወፍራሙ ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ተከታይ ድምፆችን ይጨምርበታል። ጆሯችን ደግሞ ብልህ ነው፤ ተከታዮቹን ሰምቶ የታችኛውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ለዚህ ነው ከጉልበት የማይበልጥ ሳጥን ከምድር ሥር የሚመጣ የሚመስል ድምፅ የሚያወጣው። ትንሿ ሬዲዮም ባስ ያላት የሚመስለን በከፊል በዚሁ ዘዴ ነው።

መሰንቆም ያው ነው፤ ከበሮም። በእኛ ባህል ጥሩ ሳጥን ማለት የሚንቀጠቀጥ ሳጥን ነው። ሠሪው እንጨቱንና ቆዳውን መርጦ የሚገጥመው እንዲዘምርለት ነው።

ስፒከር ግን የተገላቢጦሽ ነው። በገና ሙዚቃ ይፈጥራል፤ ስፒከር ሌላ ሰው የፈጠረውን ሙዚቃ ያደርሳል። መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ ደግሞ ከራሱ ከጨመረበት፣ ምንም ድምፁ ቢያምር፣ መልእክቱን አበላሽቷል። የእንጨት ሥራችን የሺህ ዓመት ልምድ ሳጥን ማዘመር ላይ ነው፤ ሰብዉፈር የሚጠይቀን ሳጥን ዝም ማሰኘት ነው። የተማሪዎቼ ችግር ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

*

«ታዲያ ሳጥኑ ካስቸገረ ለምን አስፈለገ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ።

ዛሬ በእጃችን ያለው ዓይነት ስፒከር፣ ማለትም ወረቀት፣ ኮይልና ማግኔት፣ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ሥራ። ስፒከሩን ያለ ሳጥን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ብታጫውቱት ባስ የለውም፤ ሲሲታ ብቻ ነው። ምክንያቱም ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያጨናንቃል፣ ከኋላው ያለውን ያሳሳል። የ50 ኸርዝ ባስ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 6.8 ሜትር ነው። ለዚህ ግዙፍ ሞገድ 30 ሳንቲሜትር ስፒከር ምኑም አይደል፤ የፊቱ አየር ዞሮ ከኋላው ጋር ይገናኝና ይጣፋሉ። መሃላቸው ግድግዳ ያስፈልጋል። ሳጥን የመጣው ለዚህ ነው፤ የኋላውን ድምፅ ለማሰር።

የታሰረ ነገር ግን ይታገላል። ወረቀቱ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የሳጥኑን አየር ይጨምቃል፣ ሲወጣ ይስባል፤ አየሩም በስድስቱም ጎን ጣውላውን ይገፋል፣ ይስባል። በሰከንድ 50 ጊዜ።

እ.ኤ.አ. በ1932 የቤል ላቦራቶሪው አልበርት ቱራስ ሳጥኑን ቀዳዳ ሰጠው፤ የኋላው ድምፅ በልክ በተሠራ ቀዳዳ ወጥቶ ፊተኛውን እንዲያግዝ። ዛሬ ሰብዉፈራችሁ ላይ የምታዩት ቱቦ የእሱ ልጅ ነው። በ1954 ደግሞ ኤድጋር ቪልቸር በተቃራኒው ሳጥኑን ድፍን አድርጎ ዘጋውና አሳነሰው፤ የታሰረውን አየር እንደ ስፕሪንግ ተጠቀመበት። ኤአር-1 የተባለው ስፒከሩ ከመደርደሪያ ላይ ሆኖ የቁም ሣጥን የሚያክሉትን አስናቀ። በኋላም አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ፣ ሳጥንና ስፒከር እንዴት እንደሚመጣጠኑ በሒሳብ አስቀመጡት። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የሳጥን መጠን የሚያሰላላችሁ አፕሊኬሽን የሚሠራው በእነሱ ቀመር ነው።

ቀመሩ ግን አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፦ ጣውላው አይንቀሳቀስም ብሎ። አፕሊኬሽኑ የነገራችሁን ሊትር አንድም ሳታጎድሉ ሠርታችሁ ባሱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

*

ሁለት ነገሮችን እንለይ፤ ሰው በብዛት ያምታታቸዋል። አንደኛው ሳጥኑ በሙሉ ወዲያና ወዲህ መሄዱ ነው። ሁለተኛው የሳጥኑ ጎኖች መርገብገባቸው።

የመጀመሪያውን በሒሳብ እንየው። ጠመንጃ ሲተኮስ ይረግጣል አይደል? ስፒከርም ይረግጣል። ወረቀቱና ኮይሉ 100 ግራም ይመዝናሉ እንበል፤ ሳጥኑ ከነሁለመናው 20 ኪሎ። ልዩነቱ 200 እጥፍ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ 10 ሚሊሜትር ወደ ፊት ሲወጣ፣ ሳጥኑ ምንም ባይዘው እንኳ ወደ ኋላ የሚሄደው 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያህል። ከባሱ ላይ የሚቀንሰው ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ይህን ጆሮ አይለየውም። «ሳጥኑ ወለሉ ላይ ስለማይረጋ ባሱ ጠፋ» የሚለው ወሬ እንግዲህ የተጋነነ ነው። ሳጥኑ በጣም ቀላል ካልሆነ በቀር።

ፋብሪካ የሠራችሁ የአቃቂ ሰዎች ይህን በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። ማሽን ከባድ የኮንክሪት መሠረት ላይ የሚታሰረው በከንቱ አይደለም። የሚመላለሰው ነገር ቀላል፣ የተሸከመው ከባድ ሲሆን ግርግሩ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነው ጠላታችን። ጎኑ 50 ሳንቲሜትር የሆነ እኩል ሳጥን ውሰዱ። የስድስቱ ጎኖች ስፋት ሲደመር 1.5 ሜትር ካሬ ነው። የ12 ኢንች ስፒከር ወረቀት ግን 0.05 ሜትር ካሬ ገደማ ብቻ ነው። ሳጥኑ በስፋት 30 እጥፍ ይበልጠዋል! ጎኖቹ አብረው ከተርገበገቡ፣ የወረቀቱን አንድ ሠላሳኛ ብቻ ቢንቀሳቀሱ እንኳ ወረቀቱን የሚያህል አየር ይገፋሉ። በዓይን የማይታይ እንቅስቃሴ ከስፒከሩ ጋር ሊፎካከር ይችላል ማለት ነው።

ያ ደግሞ በሁሉም ኖታ ላይ እኩል አይደርስም። እያንዳንዱ ጣውላ የሚወዳት ድምፅ አለችው። ትልቅና ቀጭን ጣውላ ከሆነ ያቺ ድምፅ 100 ኸርዝ አካባቢ ልትሆን ትችላለች፤ በትክክል ቤዝ ጊታርና ከበሮ በሚኖሩበት ሰፈር። ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ ጣውላው ይነሳል፤ ኖታው ካለፈ በኋላም ቶሎ ዝም አይልም። «ዱም» መሆን የነበረበት «ዱዉዉም» ይሆናል። ሁሉም ኖታ አንድ ይመስላል። ተማሪዬ «ያጉረመርማል» ያለው ይሄንን ነው።

*

የውጭዎቹ ጠቢቦችም በዚሁ ፈተና አልፈዋል። እንግሊዛዊው ጊልበርት ብሪግስ፣ የዋርፍዴል ስፒከር መሥራች፣ መላው እኔን ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ሁለት ኮምፔንሳቶ ወስዶ መሃላቸውን በደረቅ አሸዋ ሞላው። ጣውላው ሊርገበገብ ሲል የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ ይፋተጉና ንዝረቱን ወደ ሙቀት ለውጠው ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ለንደን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ በሕይወት የሚጫወቱ ሙዚቀኞችንና የተቀዳ ሙዚቃን እያፈራረቀ አወዳደረ። አሸዋ! እኛ ሀገር በጋሪ የሚሸጥ ነገር።

ቢቢሲ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። የምርምር ክፍሉ መሐንዲሶች በተለይም ሃርዉድ የተባለው ሰው ጣውላ ማወፈር ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ አሳዩ። ቀጭን ኮምፔንሳቶ ወስደው ከውስጥ በሬንጅ በተሠራ ከባድ ንጣፍ ለበጡት። በ1970ዎቹ የወጣው ኤልኤስ3/5ኤ የተባለው ትንሽ ስፒከራቸው እስከ ዛሬ ይፈለጋል። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ጥንካሬ ንዝረቱን ወደ ላይ ያሸሸዋል፣ ሬንጁና አሸዋው ደግሞ ይገድለዋል። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሦስተኛው መላ ይበልጥ ያምራል። ስፒከር የሚረግጥ ከሆነ፣ ሁለት ስፒከር ጀርባ ለጀርባ አድርገህ ርግጫቸውን ለምን አታጣፋም? ኬፍ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1980ዎቹ 104/2 በሚባለው ስፒከሩ ሁለቱን የባስ ስፒከሮች በብረት ዘንግ አያያዛቸው፤ አንዱ ሲረግጥ ሌላው ተቃራኒውን ይረግጣል፣ ሳጥኑ ጸጥ ይላል። አፕል በ2019 ባወጣው ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ውስጥ ያለው ይኸው ሐሳብ ነው። ላፕቶፕ 20 ኪሎ ሊሆን አይችልማ!

ሳጥን ዝም ቢል እንኳ ቤቱ ዝም ላይል እንደሚችል ያሳየው ደግሞ ሆሊውድ ነው። አብዮታችን ገና ትኩስ በነበረበት በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ (እ.ኤ.አ. 1974) «ኧርዝኩዌክ» የሚባል የመሬት መንቀጥቀጥ ፊልም ወጣ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ሴንሰራውንድ ብሎ በሰየመው ዘዴ፣ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ግዙፍ የባስ ስፒከሮች ተደርድረው ተመልካቹን ወንበሩ ላይ አንቀጠቀጡት። በሆሊውዱ ግራውማን ቻይኒዝ ቲያትር የጣሪያው ልስን ሰው ላይ እንዳይወድቅ ከሥሩ መረብ ተዘረጋ። ሰብዉፈር የሚለው ነገር በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በዚህ ፊልም ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በአጠገብ አዳራሽ ሌላ ፊልም ለማየት የገባው ሰው ግን ከፍሎ የገባው ለመንቀጥቀጥ አልነበረም።

*

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ሙዚቃችን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ያዘ። አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን ከመሠረተበት ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1970 ገደማ የሸክላው ዘመን ነበር፤ ከዚያ ካሴት ተረከበ። ዋሊያስ በሂልተን፣ አይቤክስ፣ በኋላም ሮሃ። የአይቤክስና የሮሃን ቤዝ የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነው። እስቲ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ቤዙ ድምፃዊውን ተከትሎ የሚሄድ ጥላ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ዜማ አለው። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሳል።

ይህን ስንቱ ሰው ሰምቶታል? አብዛኞቻችን ካሴቱን የሰማነው በእጅ ቴፕ ወይም ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ በተደረደሩ ስፒከሮች ነው። የካሴት መሸጫው ሳጥኑን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ገበያ ለመጥራት፣ እስከ ጥግ ከፍቶ ያጫውታል። ሳጥኑ ቀጭን፣ ብሎኑ የላላ። ቀጥሎ ሚኒባስ መጣ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ሰብዉፈር። የመኪናው ቆርቆሮ፣ የታርጋው ብሎን፣ የመስታወቱ ጎማ አብረው ይዘፍናሉ። ከፒያሳ ቃሊቲ እስክትደርሱ አንድ ኖታ ነው የምትሰሙት።

እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በእነዚያ ዘፈኖች ውስጥ ትልልቅ ሙዚቀኞች በጣታቸው የሠሩት ሥራ አለ፤ በርካታ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰማው በጉርምርምታ ተሸፍኖ ነው። «ባስ» ማለት ለብዙ ልጆች ደረት የሚመታ ነገር ሆኗል። ባስ ግን ዜማ ነው። ሳጥኑ ሲዘምር የሚጠፋው ያ ዜማ ነው።

*

መርካቶም ሆነ እዚህ እኛ ሰፈር፣ ሳጥን የሚሠሩ ልጆች እጃቸው የተባረከ ነው። ቁርጡን፣ ቀለሙን፣ ልብሱን አይታችሁ ትደነቃላችሁ። ለእነሱም፣ ለሚያሠሩትም፣ ከላይ ካወራነው ታሪክ የሚወጣውን ላስቀምጥ፦

1. ውፍረት። ከ9 ሚሊሜትር ወደ 18 ሚሊሜትር ስትሄዱ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ላለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ ግን ስምንት እጥፍ ነው። ለሰብዉፈር ከ18 በታች አትውረዱ። ኤምዲኤፍ ወይም ጥሩ ኮምፔንሳቶ ይሁን።

2. ማገር። ከውስጥ ከጎን ወደ ጎን ሞራሌ ግጠሙ። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ጣውላ 100 ኸርዝ ላይ የሚዘምር ቢሆን፣ አንድ ማገር መሃሉን ሲይዘው በስሌት ወደ 250 ይሸሻል፤ በመስቀል ብትይዙት ወደ 400። ሰብዉፈር ከ80 ወይም ከ100 በላይ ስለማይጫወት ያንን ድምፅ የሚቀሰቅሰው አይኖርም። በጥቂት ብር ሞራሌ የሚገኘው ለውጥ አምፕ ከመቀየር ይበልጣል።

3. ኮላ። ማዕዘኑ ሁሉ በኮላም በቪቴም ይያዝ። አየር የሚያፈተልክበት ሳጥን ያፏጫል፤ የላላ ማዕዘን ደግሞ ይንቋቋል።

4. ስፖንጅ። ውስጡን በስፖንጅ ወይም በጥጥ መሙላት ጥቅም አለው፤ የጣውላ መርገብገብን ግን አያቆምም። ለዚያ የሚሆነው ከባድ ነገር ነው። ድፍረቱ ያላችሁ የብሪግስን አሸዋ ሞክሩ፤ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ አለዚያ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

5. ፈተና። በገና ሲሆን ጣውላውን መታ ስታደርጉት ይዘምር። ሰብዉፈር ሲሆን በጡጫ ምቱት፤ «ዱክ» ብሎ ዝም ካለ አልፏል፣ «ዱንንን» ካለ ተመልሶ ይማገር። ወይም ሳንቲም በጠርዙ አናቱ ላይ አቁሙና ሙዚቃ ክፈቱ። ሳንቲሙ ቆሞ ከቆየ ለሠሪው ጨምሩለት።

6. ከመወንጀላችሁ በፊት። አንዳንዴ የሚንቀጠቀጠው ሳጥኑ አይደለም፤ ኮርኒሱ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የቡፌው መስታወት ነው። አንድ ሰው ሙዚቃውን ይክፈት፣ ሌላው እየዞረ በእጁ ይያዝ። ሲይዘው ዝም ያለው ጥፋተኛው ነው።

*

የመጨረሻው ነገር ጎረቤት ነው። ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ወለሉና ጣሪያው የተያያዘ ኮንክሪት። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ያስቀረዋል። ባስ ግን ሁለት መንገድ አለው፤ በአየር ያልፋል፣ በተጨማሪም ከሳጥኑ እግር ወደ ወለሉ ገብቶ በኮንክሪቱ ይጓዛል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተከፈተ ሰብዉፈር ከሥሩ ያለችውን አራስ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፤ ሙዚቃውን እንኳ አትሰማውም፣ ጉርምርምታውን ብቻ።

በወለሉ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ከሳጥኑ እግር ሥር በማድረግ መቀነስ ይቻላል። የመኪና ጎማ ቁራጭም ይሆናል። በአየር የሚሄደውን ግን ጎማም ምንጣፍም አያቆመውም፤ ለእሱ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፦ መቀነስ። ደስ የሚለው ግን ይህ ነው፤ ሳጥኑ ጥሩ ከሆነ ዝቅ አድርጋችሁም ባሱ ይለያል። ሰው ድምፁን የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ ዜማው ስላልተሰማው ነው። የተሰማው ሰው አይጮኽም።

ለተማሪዬ የመለስኩለት ባጭሩ ይህንኑ ነው። ለአምፕ የያዘውን ብር ግማሹን እንኳ ሳይነካ ሳጥኑን ፈትቶ ያማግረው፤ የተረፈውን ይቆጥብ። በገና ሠሪዎቻችን ሳጥን እንዴት እንደሚዘምር ለትውልድ አስተላልፈዋል። የዛሬዎቹ ልጆች ደግሞ ሳጥን እንዴት ዝም እንደሚል ይማሩ። ሁለቱም ሙያ ነው።

እናንተስ? ሳጥን የምትሠሩ ካላችሁ ምን ዓይነት ጣውላ፣ ምን ዓይነት ማገር እንደምትጠቀሙ ከሥር ጻፉልን፤ ፎቶም ካላችሁ አያይዙ። በገና የምትደረድሩ ካላችሁ ደግሞ ስለ እንዚራ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁና ጨምሩበት። ሳንቲሙን ሞክራችሁ ስንት ደቂቃ እንደቆመም ንገሩኝ።

ሰላም ዋሉ።